መርዶ በአውሎ ነፋስ ዋዜማ

ወንድሜ የሞተው ሰኞ ነው። እናቴ እንድትሰማ የተቆረጠላት ቀን ግን ቅዳሜ ነበር።

ነገሩን አንባቢዬ ያውቀዋል፤ ቢሆንም አስተማሪ ነኝና ካላስረዳሁ አይወጣልኝም። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ አይነገርም፤ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት አስቀድሞ፣ ጎህ ሲቀድ ደጅ ይመታል። መርዶ የሚጠብቀው ሰው በዋዜማው ደህና እራት እንዲበላና በጊዜ እንዲተኛ ይደረጋል፤ ለለቅሶ ጉልበት ያስፈልጋላ። ለርኅራኄ የተሠራ ሥርዓት ነው። እኛ አሜሪካ ስንመጣ አንድ ነገር ብቻ ጨመርንበት፤ ሰው ሁሉ ሥራ ስላለው መርዶው ቅዳሜን ይጠብቅ አልን። እንዲህ ሆኖ ሰኞ የሞተ፣ ማክሰኞ የተቀበረ ልጅ ለእናቱ እስከ ቅዳሜ በሕይወት ይቆያል። እናትየው በመሀሉ ለልጇ ሸሚዝ ትገዛለች። የሚያውቁት ልጆቿ ደግሞ አጠገቧ ቆመው፣ «ሰማያዊው ይሻለዋል» ይሏታል።

እኛም እንደዚያው አልናት። ረቡዕ ዕለት ነው፤ ከአንድ የቅናሽ ሱቅ።

ወሬውን የሰማሁት የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ግድግዳው ላይ የልጆቹን ሥዕል መስቀያ እያዘጋጀሁ ነበር። እህቴ ደወለች። ታላቄ ናት፤ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ስለሆነች፣ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ደውሎ መንገር የዘወትር ሥራዋ ነው።

«ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ።

«መሰላል ላይ ነኝ።»

«ውረጂ።»

ወረድኩ። ነገረችኝ። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «እማዬ ጋ ስትገቢ ፊትሽን ታጥበሽ ግቢ። ማልቀስ ካለብሽ መኪና ውስጥ አልቅሺ፤ መስኮቱን ዘግተሽ። ቅዳሜ ሁላችንም እናለቅሳለን» አለችኝ።

ያን ሳምንት በየፓርኪንጉ አለቀስኩ። በትምህርት ቤቱ፣ በግሮሰሪው፣ በቤታችን ደጅ። እናቴ «ዐይንሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ፣ «አለርጂ ነው» እላታለሁ። አሜሪካ ውስጥ አለርጂ የማይሸፍነው ነገር የለም። እሷም አምናኝ ጨው በሞቀ ውሃ ታዘጋጅልኝና፣ «ወንድምሽም በልጅነቱ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ አሁን ተወው» ትለኛለች።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነበር፤ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ መስኮቱ ከደጁ ሣር እኩል የሆነ አፓርትመንት ውስጥ። ከሕንፃው ጀርባ አንዲት ቀጭን ጅረት ታልፋለች። የአካባቢው ሰው በክብር ስም ይጠራታል፤ እናቴ ግን «ይሄማ የልብስ እጣቢ ነው» ትላለች። እህቴና ባሏ ስካይላይን ሰፈር፣ ሰማይ ቤት ከሚያህል ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አስፐን ሂል የራሱ ቤት አለው። የቤተሰባችን ሠርግም ልቅሶም እዚያ ነው። ስካይላይን ልቅሶ አይቻልም። ለእንግዳ መኪና ማቆሚያ የለም፤ ግድግዳውም ስስ ስለሆነ የመጀመሪያዋ ሴት ስትጮህ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።

ማክሰኞ ማታ ቴሌቪዥኑ ሄሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ ይመጣል አለ። ከደቡብ ተነስቶ ባሕሩን እየታከከ ወደ እኛ ነው የሚወጣው፤ የሚደርሰውም ቅዳሜ። ይኼኔ እጄ ሥራ አገኘ። ትምህርት ቤታችን ስለ አደጋ ጊዜ ዝግጅት ሥልጠና ሰጥቶን ስለነበር ሁሉን አውቄአለሁ ብዬ ነበር። ባትሪ ድንጋይ ገዛሁ፤ ገንዳውን ውሃ ሞላሁ፤ ፓስፖርትና የልደት ወረቀት በፕላስቲክ ጠቀለልኩ። ለእናቴም ሻይዋ ውስጥ ማንኪያ ከትቼ ማስረዳት ጀመርኩ።

«አየሽ እማዬ፣ ሻዩን ስታማስዪው መሀሉ ጎድጎድ ይላል አይደል? እሱ ዐይኑ ነው። ዙሪያው እንዲህ እየተሽከረከረ፣ ዐይኑ ውስጥ ግን ነፋስ የለም።»

«ዐይን ካለው የሚመታውን ያያል ማለት ነው» አለች። «የኔን ቤት አይቶ ያልፋል። ምን አለኝና ይወስዳል?»

እህቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃውን ከፍታ ብዙ ቆየች።

ሐሙስ ጠዋት የሕንፃው ማኔጅመንት በየበሩ ሥር ወረቀት አስገባ፤ ምድር ቤት ያላችሁ ዓርብ ሳይመሽ ውጡ፣ ጅረቱ ሊሞላ ይችላል ይላል። ለእህቴ አነበብኩላት። እሷ ለጋሼ ደወለች። ጋሼ ወዲያው መልሶ ደወለልኝ።

«ስሚ፣ ይሄ ነገር እግዜር ነው ያመጣው» አለኝ። «እዚህ እንዴት እናምጣት እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ያለ ሰበብ በሳምንቱ መጨረሻ ወደኔ አትመጣም፤ ብንጠራት ትጠረጥራለች። ዓርብ አምጧት። የንስሐ አባቷ አባም ሰፈራችን ናቸው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን። ሁለቱንም ባንድ እንገላገላለን።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

«ጥቁሯን ደግሞ እንዳትረሺ። እዚህ በሷ ልክ የለም።»

ስለዚህ ሻንጣ አዘገጃጀቴ የሁለት አደጋ ሆነ። ከላይ ባትሪ፣ መድኃኒቷ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የታሸገ ውሃ። ከታች ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ። እናቴ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ገና ቀሚሱን እያጠፍኩ ነበር።

«ይሄን ምን ልትሠሪበት ነው?»

«ጭቃ አያሳይም» አልኳት።

«ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምትወስጂኝ?»

«እማዬ ደግሞ! ሄሪኬን እኮ ነው።»

«ሟርተኛ። አውጪው።»

አወጣሁት። ወደ ኩሽና ስትመለስ መልሼ ከታች ከተትኩት። እሷ ደግሞ ሰማያዊውን ሸሚዝ ከነሽፋኑ አመጣችና ከሁሉ በላይ አስቀመጠችው። «እንዳታጨማድጂብኝ፤ ለመስቀል የሚሄድ ሰው አግኝቼለታለሁ» አለች።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ የእርሳስ ቀለም ያዘ። ነፋሱ ገና አልመጣም፤ ቅጠሉ ሁሉ ግን ጀርባውን ገልብጧል። ከፊታችን የምትኖረው የሳልቫዶር ሴትዮ ልጆቿንና ድመቷን መኪና ውስጥ ጨምራ ስትሄድ እናቴ በመስኮት እጇን አውለበለበችላት። ሻንጣዎቹ በሩ ላይ ተደርድረዋል። እህቴና ባሏ ሊወስዱን መጡ።

እናቴ ጫማዋን ለማድረግ ተቀመጠች። አንዱን አደረገች፤ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«ግን ነገ ቅዳሜ አይደል?» አለች።

የእህቴ ባል ሻንጣውን ማንሳት ጀመረ።

«ቅዳሜ ጠዋት ይደውላል እኮ። እዚህ ነው የሚደውለው፤ በዚህ ስልክ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሰው ካላነሳ ልጄ ምን ይላል? ሄሪኬኑን በዜና ሰምቶ ከሆነማ ያብዳል። ጠዋት አናግሬው፣ ከዚያ ትወስዱኛላችሁ።»

እውነቷን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የሚደውለው፤ በቤቱ ስልክ። ሞባይል ገዝተንላት ነበር፤ የምትጠቀምበት ግን ሰዓት ለማየት ብቻ ነው።

«እማዬ፣ እሱ ፊልድ ወጥቷል ብለንሽ የለ?» አለች እህቴ። «ኔትዎርክ የሌለበት ነው ያለው። ነገ አይደውልም።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ።»

«ኔትዎርክ ከሌለው በምን ነገረሽ?»

እህቴ ተንተባተበች። በሕይወቴ ስትንተባተብ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ከመሄዱ በፊት ኮል አድርጎኝ ነበር።»

«ለኔ ሳይደውል ላንቺ?» እናቴ ጫማዋን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ዐይኗን ከእህቴ ወደኔ፣ ከኔ ወደ አማቿ አዞረች። «እናንተ ሰዎች የምትደብቁኝ ነገር አለ። ታሟል?»

«አልታመመም» አልኩ። መታመሙማ ቀርቶለታል።

«እንግዲያው ይደውልልኝ። ድምፁን ካልሰማሁ አልነቃነቅም። ውሃው ይምጣና ከነወንበሬ ይውሰደኝ።»

አስረዳኋት። ጅረት በመሬት ውስጥ ባለ ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ መጀመሪያ በፍሳሽ መውረጃው ሽቅብ እንደሚመጣ፣ ውሃው ከውጭ ሲገፋው መስኮቱ ለምን እንደማይከፈት ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝና፣ «ጎበዝ፤ በደንብ አጥንተሻል» አለችኝ። ከወንበሯ ግን አልተነሳችም።

እህቴ ባሏን በዐይኗ ወደ ደጅ ጠራችው። እኔም ሻንጣ እንደሚያወጣ ሰው ሆኜ ተከተልኳቸው።

የእህቴ ባል ታክሲ ነጂ ነው፤ በየማኅበሩና በየሠርጉ የሚፈለግ ሰው ነው። የሰው ድምፅ ማስመሰል ይችላል። የጋሼን ሳል፣ የቄሱን ቃና፣ የሬዲዮ ማስታወቂያውን ሁሉ ያወጣል። እህቴን ሊያገባ አዲስ አበባ ሄዶ በነበረ ጊዜ ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ስለተኛ የእሱንም ይዞታል፤ ቃሉን ከአፍንጫው እየጎተተ፣ «እማዬ» የሚለውን መጨረሻው ላይ እየሳበ። ባለፈው ፋሲካ ገበታ ላይ ሲያወጣው እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ስቃ፣ «ልጄን አመጣልኝ!» ብላ ግንባሩን ስማዋለች።

ፓርኪንጉ ውስጥ እህቴ ሞባይሏን እጁ ላይ አደረገችለት።

«አላደርገውም» አለ።

«ሌላ ምን አለን?»

«እውነቱን እንንገራት።»

«እዚህ? ብቻዋን? ሻንጣ አጠገብ ተቀምጣ? ጋሼ ሰው ሰብስቦ፣ አባን አስጠርቶ? ‹ወንበር ላይ እያለች ነገሯት› ተብሎ ሲወራ ልስማ?»

«የሞተ ሰው ነው እኮ። ኃጢአት ነው።»

«ውሃ ገብቶ ስትሞት ጽድቅ ይሆናል?» አለችው። ዝናቡ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። «ሠርግ ላይ ሳይለምኑህ ታወጣዋለህ። ዛሬ ለቁም ነገር ስንፈልግህ አፈርክ?»

ወደኔ ዞረ። እኔም ዝም ስል መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

እኔና እህቴ ወደ ቤት ስንመለስ ስልኩ እየጠራ ነበር። እናቴ ባንድ እግሯ ጫማ እያነከሰች ሄዳ አነሳችው። ጆሮዋ ስለሚደክም ሁልጊዜ ስፒከሩን ትጫነዋለች። ስለዚህ ሁላችንም ሰማን።

«ሄሎ? ሄሎ?»

«እማዬ…»

መጨረሻውን ሳበው። እህቴ ግድግዳውን ተደገፈች።

«የኔ ጌታ! የት ጠፋህ አንተ! ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው እማዬ። መስመሩም… ይቆራረጣል።»

«ጉንፋን በነሐሴ! ጃኬት አትለብስማ። ፌጦ በሎሚ አድርገህ ጠጣ፤ ሰምተኸኛል? እኔ ደግሞ እነዚህ እህቶችህ ፊታቸውን አጥቁረው ክፉ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ልቤ ቆሞ ዋለ።»

«ደህና ነኝ። ሄሪኬን ይመጣል ሲሉ ሰማሁ። ሂጂ እማዬ። ከነሱ ጋር ሂጂ።»

«ነገ ስትደውልስ?»

ዝናቡ በስልኩ ውስጥ የመኪናውን ጣራ ሲመታ ይሰማ ነበር፤ እሷ ግን የመስመሩ መጥፎነት መሰላት።

«በጋሼ ስልክ እደውላለሁ» አለ።

«እንግዲያው እሄዳለሁ። ከመዝጋትህ በፊት ልመርቅህ።» ነጠላዋን ከትከሻዋ አስተካክላ ቆመች። ሲመርቁ ቁጭ አይባልም። «ዕድሜህን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው። ከክፉ መንገድ፣ ከክፉ መኪና ያውጣህ። የኔን ዕድሜ ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ። አፈር አልባሼ፣ ቀባሪዬ ያድርግህ። በል አሜን በል።»

ከስልኩ ምንም አልመጣም።

«አሜን በል እንጂ! አልሰማህም?»

«አሜን» አለ። «አሜን፣ እማዬ።»

ስልኩን ስትዘጋው ፊቷ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ወርዶላታል። «ጉንፋን ይዞታል እንጂ ደህና ነው» አለችን፤ እኛ ያስጨነቀን ነገር ያለ ይመስል ልታረጋጋን። ሁለተኛውን ጫማዋን አደረገች፤ መብራቱን አጠፋች፤ ጅረቷን በመስኮት አይታ፣ «በይ እንግዲህ እጣቢ፣ ነይና ግቢ» ብላ ወጣች።

ከተማውን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ መኪና እንደ ጉንዳን ተሰልፎ ነበር። እናቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስለ ልጇ መንገዱን ሙሉ አወራች። ለመስቀል ከሚላክለት ሸሚዝ ሌላ ጃኬት መጨመር እንዳለበት፣ የአገሩ የነሐሴ ብርድ ከዚህ ጥር እንደሚከፋ፣ ሚስት ቢያገባ ጃኬት የምታስለብሰው እንደማያጣ። ከዚያ ወደ አማቿ ዞር ብላ በክርኗ ጎሸመችው።

«አንተ ደግሞ ዛሬ ምነው ምላስህን ዋጥከው? በል እስቲ ጋሼን አውጣልኝ። ‹ኧ ኧ፣ ጫማ አውልቁ› ሲል።»

«መንገዱ ያስቸግራል እማማ» አላት፤ በራሱ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

«ሄሪኬን ፈርቶ ነው» አለችን ወደኋላ ዞራ። «ወንድ ልጅ!»

ጋሼ ቤት ስንደርስ ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ዘመዱ፣ የማኅበሩ ሰዎች፣ ከጀርመንታውን የመጡ የሩቅ አክስቶች፤ ነፋሱ መንገድ ሳይዘጋ ለነገ ጎህ አስቀድመው የመጡ ናቸው። ጥቁራቸውን በየቦርሳቸው ይዘው ነው የመጡት፤ የለበሱት ግን የአዘቦት ልብስ ነው። እናቴን ሲያዩ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሱ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ከሄሪኬኑ ሸሽቶ ነው?» አለች።

«አዎ» አሏት።

«እኔን! ምስኪኖች። እኔ ብቻዬን መስሎኝ እዚያ ስግደረደር።» ወዲያው ወደ ኩሽና ገባችና ከአክስቶቹ እጅ ጭልፋ ወሰደች። ሁሉንም አበላች። ሊያስተዛዝኗት የመጡትን እየዞረች፣ «ብሉ፣ ቤታችሁ ደህና ይሆናል፤ አይዟችሁ» ትላቸው ነበር። ጉርሻ ስትሰጣቸው ደግሞ ለእያንዳንዳቸው፣ «ልጄ ዛሬ ደወለልኝ እኮ! ጉንፋን ይዞታል» ትላቸዋለች። የጎረሱት አፋቸው ውስጥ ይቀራል። አንዲት የጀርመንታውን አክስት አማተበች። ሌላዋ ሹክ ብላ፣ «ተርፎ ነው እንዴ?» ስትለኝ፣ «አልተረፈም» አልኳት።

ጋሼ እህቴን ጓዳ ውስጥ ይዟት ነበር።

«ምንድን ነው የምታወራው?»

«ሌላ ማምጫ አጣን ጋሼ።»

«እና ጠዋት ምን ልበላት?» አላት። «እኔ ልነግራት የተዘጋጀሁት ሞተ ብዬ ነው። አሁን መጀመሪያ አልደወለም ልበል?»

ቢሆንም ጋሼ ሥርዓት አዋቂ ነው፤ ለእናቴ እራት ደጋግሞ አቀረበላት። «ብዪ፣ ጨምሪ» አላት፤ እሷም ደስ ብሏት ጨመረች። ስለዚህ የታዘዘው ሁሉ ተፈጸመ፤ እንደሚገባው በልታ፣ እንደሚገባው ተኛች።

ነፋሱ በኛ በኩል ብዙም አልበረታም። ዋናው ጉልበቱ ወደ ባሕሩ ዞረ ተባለ። ከጋሼ ደጅ አንድ ቅርንጫፍ ወደቀና የሰፈሩ መብራት ጠፋ። አሌክሳንድሪያ ያለችው ጅረት ከዳርቻዋ አልወጣችም፤ የቤታችን ምንጣፍ እንኳ አልረጠበም። ይህን ያወቅነው ግን ከቀናት በኋላ ነው።

ጎህ ሲቀድ እናቴ የተኛችበትን ክፍል ያንኳኳው ጋሼ ነው። ከኋላው አባ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከእሳቸው ኋላ ሴቶቹ። ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እናቴ ተነስታ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ሰዉን አየች፤ መስቀሉን አየች። ምን እንደሆነ ገባት። የዚያ ሥርዓት ልጅ ናትና ካላንዳች ቃል ገባት።

«ማን ነው?» አለች። «ንገሩኝ።»

«እህቴ፣ በርቺ» አለ ጋሼ። «የሰጠ እሱ፣ የነሳ እሱ ነው። ልጅሽን…»

ወደኔ አየች፤ ወደ እህቴ አየች። «ሁለቱም እዚህ አሉ።»

«ወንዱ ነው። መኪና ተገልብጦ፣ ሰኞ ዕለት።»

ሁላችንም ጩኸቷን ጠበቅን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘጋጅተው ነበር።

እናቴ ሳቀች።

«ኧረ ጋሼ! እንዴት እንዲህ ታስደነግጠኛለህ? ትናንት አናግሬዋለሁ። ድምፁን ሰምቻለሁ። ሰኞ የሞተ ዓርብ ይደውላል?» እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። «ስም ተመሳስሎ ነው። ምስኪን፤ የማን ልጅ ይሆን? እናቱ ሰምታለች?»

አባ መሬት መሬቱን አዩ።

«አባ፣ ሳሎን እንውጣና ይቀመጡ። ሁላችሁም ተቀመጡ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ በጋሼ ስልክ ይደውላል። በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ።»

ጋሼ ተቀመጠ። ምን ያድርግ? ለልቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ በየጥጉ ተቀምጦ ስልክ መጠበቅ ጀመረ። ነጋ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የጋሼ ስልክ ዝም አለ። እናቴ ጣቷን እያፍተለተለች አየችው፤ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ለምን አይጠራም?»

የተጠየቅሁትን እመልሳለሁ፤ ሙያዬ ነው። «ይሄ ዓይነቱ ስልክ መብራት ከሌለ አይሠራም እማዬ» አልኳት።

«አያችሁ?» አለች ለሰዉ፤ ፊቷ በራ። «መብራት ስለሌለ ነው። ልጄ እየደወለ ነው ማለት ነው። እዚያ ሆኖ እየደወለ፣ የሚያነሳ አጥቶ!»

እህቴ ይሄን አልቻለችውም። መሀል ወለሉ ላይ በጉልበቷ ወደቀች።

«እማዬ፣ እሱ አይደለም የደወለው። ከአሌክሳንድሪያ ለማውጣት ብለን ነው። እሱ ነው የደወለልሽ» ብላ ባሏን አሳየቻት።

የእህቴ ባል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እናቴ ወደ እሱ ዞረች። አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አስተካክላ ልክ ትናንት ስልኩ አጠገብ እንደቆመችው ተነስታ ቆመች።

«አሜን ያልከው አንተ ነህ?» አለችው።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«የጠየቅኩህን መልስ። አሜን ያልከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ለልጄ የላክሁትን ምርቃት አንተ ተቀበልክ።»

«እማማ…»

«መልስልኝ።»

«እንዴት አድርጌ ልመልስ?» አለ። እያለቀሰ ነበር። «ምርቃት ይመለሳል እንዴ?»

እናቴ ወደ አባ ዞረች። አባ አፋቸውን ከፈቱ፤ መስቀሉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት፤ መልሰው ዘጉ።

«አይመለስም» አለች እናቴ። «ዕድሜ ላክሁ፤ ከራሴ ቀንሼ። ቀባሪዬ ያድርግህ አልኩ። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ አንተ ተቀበልከው። በል እንግዲህ ኑርበት። የልጄን ዕድሜ ረጅም አድርገህ ኑርበት። እኔንም አንተ ቅበረኝ።»

የእህቴ ባል አፉ ለምርቃት አሜን ማለት ከልጅነቱ ለምዷልና ከንፈሩ ተላቀቀ፤ አሜን ሊል ነበር። እህቴ ካለችበት ዘልላ አፉን በመዳፏ ከደነችው። ለቅሶው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።